ከንፋስ መውጫ የሚወርደው ውኃ

መምህር ፈንታሁን ያረፈው ነሐሴ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ተማሪውም ለእርሻ ወደየገጠሩ ተበትኖ ስለነበር ካስተማራቸው ልጆች ቀብሩ ላይ የተገኙት ጥቂቶች ናቸው። ያን ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ የስማዳ ዘመዶቹ የደረሱት ከሠልስቱ በኋላ ነበር። ዝናቡ ሳያባራ ቀበርነው። ቆፋሪዎቹ ከመቃብሩ ውስጥ ውኃ በጣሳ እየቀዱ ሲያወጡ አይቼ፣ እሱ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ይህ ውኃ በየት አድርጎ ወዴት እንደሚወርድ ይነግራቸው ነበር ብዬ አሰብኩ። በዚያች ሰዓት ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም።

ባሌ ነው። እዚህ የምጽፈው ግን ስለ ባልነቱ አይደለም፤ እሱን ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። የምጽፈው ባሕር በሌለበት አገር ባሕርን ሲያስተምር ስለኖረ ሰው ነው። የምጽፈውም በዝግታ ነው። ጥቂት መስመር እጽፍና ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ፤ ደግሞ እመለሳለሁ።

ፈንታሁን የተወለደው ስማዳ ቆላው ላይ ነው። ገና ጢሙ ሳያበቅል ለውትድርና ተወሰደና ዕጣው ባሕር ኃይል ሆነ፤ ምጽዋ ላይ መርከብ ተሳፈረ። መንግሥት ሲለወጥ እግሩ እየመራው አገሩ ገባ። ከልጆች ጋር ክፍል ቁጭ ብሎ ያቋረጠውን ትምህርት ጨረሰ፣ መምህራን ኮሌጅ ገባና ጂኦግራፊ አስተማሪ ሆነ። ተማሪዎቹ «ካፒቴን» ይሉት ነበር። እሱ ግን አይቀበላቸውም።

«እኔ መርከብ ላይ የሠራሁት ዝገት መፋቅ ነው» ይላቸዋል። «ካፒቴኑን ያየሁት ከሩቅ ነው። እሱም አላየኝም።»

ስለ ባሕር ሲያወራ ውበቱን አያነሣም። መጀመሪያ ያየው፣ መኪና የቆመበት ኩሬ ላይ እንደሚታየው ያለ፣ ቀስተ ደመና የመሰለ የዘይት ልባስ ነበር። መርከቡ ላይ የወጥ ቤቱ ጥራጊ፣ የተቃጠለው ዘይት፣ ባዶው ቆርቆሮ ሁሉ ከኋላ በኩል ይደፋል። አንድ ቀን አለቃውን «ይህ ሁሉ የት ይገባል?» ብሎ ቢጠይቀው፣ «ባሕር መቼ ሞልቶ ያውቃል» አለው። ፈንታሁን ይህን ለተማሪዎቹ ሲነግር ድምፁን አይለውጥም። አለቃውንም አይወቅስም። «ያኔ እኔም አምኜው ነበር፤ ደግሞም አልሞላም» ይላል።

ንፋስ መውጫ የተቆረቆረችው በተራራ ጀርባ ላይ ነው። ዝናብ ሲጥል የሰሜኑ ውኃ ወደ ተከዜ፣ የደቡቡ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይወርዳል። ፈንታሁን ይህን ነገር ይወደው ነበር። የእኛ ቤት ጣሪያ ሁለት ክፈፍ ነው፤ «አንዱ ክፈፍ ተከዜ ነው፣ አንዱ ዓባይ ነው። እዚህ ተኳርፈው ይለያዩና ሱዳን ላይ ይታረቃሉ። ከዚያ አብረው ግብፅን አልፈው ባሕር ይገባሉ» ይላል። ጣሪያው በትክክል እንደዚያ መሆኑን ማንም አልለካም። እሱም «ለጨዋታ ነው» ብሎ ይጨምራል። ጨዋታና ዕውቀት እንዲቀላቀሉበት አይፈልግም ነበር።

በእኔ የእረፍት ሰዓት ከክፍሉ ጀርባ ካለችው ዛፍ ሥር እየጠበቅኩት የሰማሁት አንድ ነገር አለ። እኔ አንደኛ ደረጃ ነው የማስተምረው፤ አጥሩ አንድ ነው። ታች ጋይንት ካለችው ከአርብ ገበያ የመጣ አንድ ተማሪ፣ «መምህር፣ እኛ ባሕር የለን፣ ወደብ የለን። ባሕር ቢቆሽሽስ ምን አገባን?» አለው። ክፍሉ ሳቀ።

ፈንታሁን ከመመለሱ በፊት አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ያፋትጋል፤ ዱቄት መላሙን እንደሚሞክር ሰው። እንደዚያ አደረገና፣ «አባትህ ዘንድሮ ምን ዘሩ?» አለው።

«ገብስ።»

«በምን ውኃ?»

«በዝናብ ነዋ።»

«ዝናቡን ማን ሠራው? ከሩቅ ባሕር ተንኖ፣ በነፋስ ተገፍቶ ነው አባትህ ማሳ ላይ የሚወርደው። እኛ ወደ ባሕር አንሄድም እንጂ እሱ በየሰኔው ይመጣልናል። እንግዳህ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ሲሄድ ምን አስይዘህ እንደምትሸኘው አንተ ታውቃለህ።»

ሌላዋ ልጅ ተነሥታ፣ «ታላቁ ግድብ አያስቀረውም? ቆሻሻውን?» ብላ ጠየቀች።

«ደለሉን ያስቀረዋል። ፌስታሉንም ብዙውን ያስቀር ይሆናል። ውኃው ውስጥ የሟሟው ማዳበሪያ ምን ያህሉ እንደሚያልፍ ግን አላውቅም።»

አላውቅም ማለት አያሳፍረውም ነበር። እኔን ያሳፍረኝ ነበር። አስተማሪ ክፍል ፊት አላውቅም ሲል የሰማሁት ከእሱ ብቻ ነው።

የንስሐ አባታችን ቄስ ምናሉ ደግሞ እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ነገር በዋዛ የማያልፉ ሰው ናቸው። አንድ እሑድ ቤታችን ተቀምጠው ሳለ ፈንታሁን በአንዳንድ ባሕር ዳርቻ ዓሣ ውኃ ውስጥ ታፍኖ እንደሚሞት አወራቸው።

«ዓሣ በውኃ ታፈነ? በል ተው ልጄ፤ ይህማ ሰው በአየር ሰጠመ እንደማለት ነው» አሉት።

«አባ፣ ቆላ የእህል ጉድጓድ ያውቁ የለ? ማሽላ ከርሞበት የተከፈተ ዕለት ዘሎ የሚገባ ሰው ምን ይሆናል?»

«ይሞታላ። መጀመሪያ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል። ኩራዙ ከጠፋ ሰው አይገባም።»

«አየር እያለ ኩራዙ ለምን ይጠፋል?»

ፈንታሁን በእጁ እያሳየ አስረዳቸው። እህሉ ሲታመቅና ሲብላላ ሰው የሚተነፍሰውን የአየር ዓይነት ይጨርሰዋል። ባሕርም ላይ እንዲሁ ነው፤ ከየእርሻው የታጠበው ማዳበሪያ ወንዙ መጨረሻ ላይ ይጠራቀማል፣ ኩሬ ላይ እንደሚተኛው ያለ አረንጓዴ ልባስ ያበቅላል። ያ ልባስ ሲሞት ወደ ታች ሰጥሞ ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም ውኃው የያዘውን አየር ይጨርሳል። መሸሽ የቻለ ዓሣ ይሸሻል፤ ያልቻለው እዚያው ይቀራል።

«እና ኩራዝ የሚያወርድላቸው የለም» አሉ ቄስ ምናሉ።

«የሚለኩ ሰዎች አሉ፣ አባ። መለካቱ ግን አያወጣቸውም።»

ይህ ሁሉ ዕውቀት ንፋስ መውጫ ላይ ምን ይሠራለታል ላለ ሰው፣ እሱ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከጓሯችን በታች ያለው ገደል የሠፈሩ ቆሻሻ መጣያ መሆኑ እንዲቀር። ለዓመታት የለመነው፣ የተጣላበትም፣ ሲሞት በልቡ የያዘውም ይህንኑ ነው።

ሠፈራችን የራሱ ልማድ አለው። ጥራጊ በየቤቱ ይጠራቀምና ሐምሌ ሲገባ ገደሉ አፋፍ ላይ ይከመራል። ደመናው ሲጠቁር አንዷ ለአንዷ «ነይ፣ መጣልሽ» ትባባላለች። ጎርፉ እያጓራ ሲደርስ ሁሉም ያለውን በአካፋ ይገፋለታል፤ ፌስታሉ፣ ሃይላንዱ፣ የአረም መድኃኒቱ ባዶ ጀሪካን፣ ያረጀ ጫማ። ዝናቡ ሲያባራ ገደሉ ታጥቦ ንጹሕ ይሆናል። ሰው ደስ ይለዋል። እንደ ጽዳት ነው የምናየው፤ ከመስከረም በፊት ቤቱም ገደሉም ይጸዳል እንላለን።

ፈንታሁን የእኛን ቤት ጥራጊ ከለከለ። ፌስታሉ አይጣልም፣ ጭሱ መርዝ ነው ብሎም አያስቃጥልም። ታዲያ የት ይድረስ? በማዳበሪያ ጆንያ እየጠቀጠቀ ጎተራው ቤት ያስቀምጠዋል። ጎረቤት «የመምህር ሚስት፣ ዘንድሮ ፌስታል ስንት ኩንታል ወጣላችሁ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እኔም ተናድጄ ፈንታሁንን «እስቲ እሱን ሸጠህ ልብስ ግዛልኝ» ብዬዋለሁ። ሳቀ። መልሱ ጉድጓድ ተቆፍሮ ሠፈሩ በአንድነት ሲጠቀም ነበር፤ ለዚያ ደግሞ ሰው እሺ ማለት አለበት፤ ሰው እሺ የሚለው አያ ሞላ እሺ ሲሉ ነው።

አያ ሞላ ከእሱ በዕድሜ የሚበልጡ፣ የእድሩ ዳኛ፣ በየፋሲካው የሠፈሩን የቅርጫ በሬ የሚመርጡ ሰው ናቸው። በሬ ማወቅ የእሳቸው ክብር ነው። «መምህር፣ አንተ ያላየነውን ባሕር ታዝንለታለህ፤ እኛ ያየነውን ገደል እናጸዳለን። ተወን» ይሉት ነበር።

በሞተበት ዓመት ፋሲካ አያ ሞላ ጅረታችን ከሚወርድበት አገር፣ ከአርብ ገበያ፣ አንድ ዳለቻ በሬ ነዱ። ሆዱ ተወጥሮ የጠገበ ይመስላል። ታርዶ ሲገፈፍ ግን ጎኑ ባዶ ነው፤ የቅርጫው ተካፋዮች ተያዩ። አንዱ «አያ ሞላ፣ ዘንድሮ ከበሮ ነው የገዙልን?» አለ። ጨጓራው ሲቀደድ የሰው ራስ የሚያህል ነገር ወጣ። ፌስታል ነው፤ ከገመድና ከላስቲክ ጋር ተጠላልፎ፣ ጠንክሮ፣ ድንጋይ መስሎ።

ፈንታሁን ከዳር ቆሞ ነበር። «እሱን ለእኔ ስጡኝ» አለ።

«መምህር ሥጋውን ትቶ ፌስታል ወሰደ!» ብለው ተሳሳቁ። እሱ ውኃ አስመጥቶ እዚያው ያጥበው፣ ይፈታው ጀመር። እየፈታም፣ ከብት ጨው የነካውን ፌስታል ሽታው ስቦት እንደሚበላው፣ ባሕር ውስጥም ኤሊ ተንሳፋፊ ፌስታል ስታይ የምትበላት አጥንት የለሽ እንስሳ መስሏት እንደምትውጠው አወራ። ያደመጠው የለም። ከጥልፍልፉ መካከል አንድ መሐረብ የሚያህል ቁራጭ ላስቲክ ወጣ፤ ነጭ ሆኖ ቢጫ ሎሚ የታተመበት።

አያ ሞላ ቢላቸውን ይዘው ቆሙ። «ይህቺ የልጄ ሠርግ ዕለት ዳሱ ውስጥ ጠረጴዛ ያለበስንባት አይደለችም?»

«ራሷ ናት» አለ አንዱ። «ሠርጉ ሲያልቅ ገደሉ ውስጥ አልጣልናትም?»

ሁሉም ወደ ፈንታሁን ዞረ። ስንት ዓመት የለመነው ነገር እጁ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ብቻ ቀርታዋለች። ጣቶቹን ሲያፋትግ አየሁና ልቤ ፈራ።

«ትመስላለች» አለ።

«ናት ወይስ አይደለችም?» አሉት አያ ሞላ።

«አያ ሞላ፣ ይህን ላስቲክ በየገበያው በጥቅል ይሸጡታል። አርብ ገበያም ይኖራል። የእርስዎ ልትሆን ትችላለች። ናት ብዬ ግን መማል አልችልም።»

አያ ሞላ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። «በል እንግዲህ፤ የተማረው አላውቅም ካለ እኔ ከየት አውቃለሁ። ያንን ሳህን አቀብሉኝ» አሉ። ሥጋው ተመደበ፣ ዕጣ ተጣለ፣ ሰው ወደየቤቱ ገባ። ገደሉም እንደነበረ ቀረ።

ቤት ስንገባ አልቻልኩም። «አዎ ብትል ምን ነበረበት? ውሸት አይሆንብህ፤ ልትሆን ትችላለች ብለሃል» አልኩት።

«ዛሬ አዎ ብዬ ነገ ያቺኑ ላስቲክ ደብረ ታቦር ሱቅ ውስጥ ተጠቅልላ ያዩአታል። ያን ቀን ስለ ባሕር የነገርኳቸውን ሁሉ አብረው ይደፉታል።»

«አሁንስ መቼ ያዙልህ?»

«አልያዙም» አለ። እጁን ሊታጠብ ወጣ። የበሬው ሽታ ለብዙ ቀን አልለቀቀውም።

በሳምንቱ አያ ሞላ ጋ ሄደ። እኔ በአጥሩ በኩል እሰማለሁ። «መጨቃጨቁን እንተው፤ ክረምቱ ሲወጣ ጅረቱን ተከትለን ቆላ እንውረድና እንይ። ከታች ምንም ከሌለ ሁለተኛ አልናገርዎትም» አላቸው።

«ለፌስታል ብዬ ቆላ ልውረድ? ሰው ምን ይለኛል?»

«በሬ ሊገዙ ይወርዱ የለ?»

«በሬ ሌላ ነው» አሉ፤ ቆይተው ግን «ክረምቱ ይውጣ» ብለው ተዉት።

ክረምቱ አልወጣለትም። ሰኔ ላይ ጉበቱ ታመመ። ባሕር ዳር ሐኪም ቤት ወስጄ አሳየሁት፤ የነገሩን ነገር አጭር ነበር። ሐምሌን ቤት ተኝቶ አሳለፈ። ጎርፉ ሲያጓራና ጎረቤት ሲጠራራ አልጋው ድረስ ይሰማል። አንድ ቀን አያ ሞላ ሊጠይቁት መጡና እግርጌው ተቀምጠው፣ ምን እንደሚሉ ቸገራቸው መሰለኝ፣ «እህ መምህር፣ እንወርዳለን ያልከው ጉዞ እንዴት ሆነ?» አሉት።

«እርስዎ ይውረዱ» አለ። ድምፁ ደክሟል። «ሲመለሱ ያዩትን ይናገሩ። ያላዩትን ግን አይጨምሩ፣ ለእኔ አዝነው።»

«እንዴ፣ እኔ ምን ልጨምር?»

«ሰው ለሞተ ሰው ይጨምራል» አለ ፈንታሁን። ፈገግ ለማለት ሞከረ። አያ ሞላ መሬት መሬት አዩ።

ከቀብሩ በኋላ ስላሳለፍኩት ጊዜ የምጽፈው የለኝም። ቡና ጠጥተን፣ ንፍሮ ዘግነን፣ አርባውን አወጣን። ኅዳር አጋማሽ ላይ አያ ሞላ በጠዋት በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። እግራቸው እስከ ጉልበታቸው አቧራ ነው። ይግቡ ብላቸው ደጁ ላይ ካለችው መደብ ተቀመጡ።

«ወርጄ መጣሁ» አሉኝ።

ብቻቸውን ነበር የሄዱት። ለሰው የነገሩት በሬ ልገዛ ነው ብለው ነው። ጅረቱን ተከትለው ወርደው ወርደው፣ ታች ጋይንት፣ ጎርፉ ከገደል ወጥቶ ሜዳ የሚይዝበት ቦታ ደረሱ። እዚያ ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ ፌስታል ለብሷል፤ ከሩቅ ሲያዩት ያበበ መስሏቸው ነበር። አሸዋውን በዱላቸው ሲጭሩት ከሥሩም ሌላ አለ። እንስሳቱ በበጋ የሚግጡት እዚያ ነው፤ ሣር የሚቆየው ጅረቱ ዳር ብቻ ስለሆነ።

ያንን ዳለቻ በሬ የሸጠላቸውን ሰው ቤት ጠይቀው አገኙ። የበሬው ባለቤት ብርቄ የምትባል ሴት ናት፤ ገበያ ያወጣላት ወንድሟ ነበር። የበሬው ገዢ መሆናቸውን ሲነግሯት ደነገጠች።

«‹ሥጋው አልጥም አለህና ልትመልሰው መጣህ?› አለችኝ» አሉ አያ ሞላ። «‹አይ፣ ምን ሆኖ እንደሸጥሽው ልጠይቅሽ ነው› አልኳት። መብላት አቆመ አለች። ሆዱ ይነፋል፣ እርሻ ላይ ይተኛባታል። ቡዳ ነው ብላ ጸበል አጠጣችው። ከእሱ በፊት ጊደር ሞታባታለች፣ እንዲሁ ተነፍታ። አሁን ያ በሬ ጥማድ ስለነበር የቀረው ብቻውን አያርስ፤ መሬቷን ለእኩል ሰጥታ የሰው እጅ ታያለች።»

«ሆዱ ውስጥ ያገኛችሁትን ነገሯት?»

«ነገርኳት። ‹ፌስታሉን እኛ አናመጣው፤ እዚህ ሱቅ የለ። በጎርፍ ከላይ የሚመጣ ነው› አለች። ከላይ ማን እንዳለ አልጠየቀችኝም። እኔም ከላይ ነኝ አላልኳት።»

ዱላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«የባለ ሎሚዋን ላስቲክ ቀሪ ቁራጭ ፈለግኩ። ቁጥቋጦውን ሁሉ ዞርኩ። አላገኘኋትም፣ እቴ። የእኔ ናት ማለት አልቻልኩም። አይደለችም ማለትም አልቻልኩም። ለእድሩ ምን ብዬ ልንገር?»

«የሚናገሩትን እሱ ነግሮዎት ነበር» አልኳቸው።

«ነግሮኝ ነበር» አሉ።

በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እድሩ ተሰበሰበ። አያ ሞላ ተነሡ። ጥሩ ተናጋሪ አይደሉም። ሜዳውን፣ ቁጥቋጦውን፣ የሴትዮዋን በሬና ጊደር ነገሩ። የልጃቸውን ሠርግ ላስቲክ ፈልገው እንዳጡም ነገሩ፤ ያንን ባይናገሩትም ማንም አያውቅባቸውም ነበር። ከዚያ ገደሉ እንዲዘጋ፣ በሜዳው በኩል የሠፈር ጉድጓድ እንዲቆፈር ጠየቁ። ጉርምርምታ ሆነ። ሴቶቹ ጉድጓዱ ይርቀናል አሉ። አንዱ ገደሉ በእሾህ ቢታጠር ጎርፉ ቤት ይገባል አለ።

ከኋላ አንድ ጎረምሳ እየሳቀ፣ «አያ ሞላ፣ መምህር ይህ ሁሉ ባሕር ይገባል ይሉን ነበር። እውነት ይደርሳል?» አላቸው።

ሰው ወደ እኔ እንዳያይ ተጠንቅቆ አቀረቀረ። አያ ሞላ አልተቆጡም።

«ባሕሩን አላየሁትም» አሉ። «ብርቄን አይቻታለሁ።»

ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም። ጉድጓዱ በማን ማሳ ጠርዝ ይቆፈር በሚለው ላይ ሲጨቃጨቁ ቆዩና ሰኞ በዶማና በአካፋ ለመገናኘት ተስማምተው ተበተኑ። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ቶሎ ቶሎ እየተራመድኩ ወጣሁ። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ማን ምን እንዳለ ሳይቀር፣ መንገዱን ሙሉ በልቤ እያደራጀሁ ነበር። በሩን ከፍቼ ቤቱ መሃል ከደረስኩ በኋላ ነው የምነግረው ሰው እንደሌለ ያስታወስኩት።